የደብሪቱ ቅልና የቀኛዝማቹ ድንጋይ

ተረቴ ከደጅ ቆማለች፤ በር ክፈቱላት። ከፈታችሁ? ደግ አደረጋችሁ። አሁን ጉልበታችሁን ሰብስቡና ዝም በሉ። እኔ ጥርሴ አልቋል፤ አንዲት ቃል ካመለጠችኝ ዞሬ አላነሣትም።

ድሮ ድሮ፣ የአያቴ አያት ገና እየዳኸ ሳለ፣ ወፍጮ አምባ የሚባል አገር ነበር። አገሩ ድንጋይ ብቻ ነው። ሰዉ ሲቀመጥ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ሲተኛ ድንጋይ ይንተራሳል፣ ሲጣላም ድንጋይ ያነሣል። ወንዶቹ ወፍጮ እየጠረቡ ገበያ ያወጣሉ። ሴቶቹ ባጥራቸው ሥር ቅል ይተክላሉ። ድንጋይ ላይ ሌላ ምን ይበቅላል?

በዚያ አገር ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ወፍጮ ጠራቢ ነበር፤ ሞተ። ልጆቿ አግብተው ራቅ ራቅ ብለው ሄዱ። የቀራት አንዲት ጎጆ፣ አንዲት ቁራሽ መሬት፣ ባጥሯ ላይ የሚሳብ የቅል ሐረግና አንዲት አሮጌ ቅል ናት።

ስለዚህች ቅል ልንገራችሁ። ደብሪቱ ያበቀለቻት ባገባች በዓመቱ ነው። ሐረጉ ላይ ሳለች ድንጋይ ተደግፋ ስላደገች ወገቧ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል። ስትደርቅ ቆረጠቻት። አፏን ከፈተች፤ ጠጠርና ውሃ ጨምራ ሰባት ቀን ናጠቻት፤ ፍሬዋን አራገፈች፤ በወይራ ጭስ አጠነቻት። ከዚያ ወስፌ በእሳት አግላ፣ ልጅ በወለደች ቁጥር አንዳንድ ወፍ ሆዷ ላይ ሳለችባት። ሦስት ልጅ፣ ሦስት ወፍ። የመጀመሪያው ወፍ ዶሮ ይመስላል። ሁለተኛውም ዶሮ ይመስላል። ሦስተኛው ግን፣ ምን ልዋሽ፣ ፍየል ነው የሚመስለው። ደብሪቱ ሥዕል አትችልም ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ቅሏ ወድቃ ተሰነጠቀች፤ ባሏ በበሬ ጅማት ሰፋት። ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ጠብታ ግን አያሳልፍም።

አንድ ዓመት ታዲያ ለዚያ አገር አዲስ ሹም ተሾመ። ስሙ ቀኛዝማች አንዳርጌ ነው። ከየት መጣ? ከከተማ። በምን መጣ? በአርባ በቅሎ። በቅሎዎቹ ምን ተጭነዋል? ብልጭልጭ! የብር ዋንጫ፣ የናስ ሰሃን፣ የመስታወት ብርሌ፣ የብር ማንቆርቆሪያ። ሰውዬው የማያበራ ነገር አይወድም። ራሱ መላጣ ነበር፤ መላጣውንም በየጠዋቱ ቅቤ እያስቀባ ያስወለውላል።

ትኩስ አጥሚት በብር ዋንጫ ይጠጣና ከንፈሩ ይቃጠላል። “ጌታዬ፣ በሸክላ ቢጠጡ አይሻልም?” ይሉታል። “ሸክላ ያበራል?” ይላል። አያበራም። እንግዲያው ዝም ብሎ የተቃጠለ ከንፈሩን ይልሳል።

በመጣ በሳምንቱ አዋጅ አስነገረ። “በግቢዬ ቅል አይግባ! ሸክላ አይግባ! ከሣር የተሰፋ አይግባ!” አለ።

“እውነት ነው ጌታዬ!” አለ አጋፋሪው፣ በር ጠባቂው ጫኔ። ጫኔ ከዚህ ሌላ ቃል አያውቅም። በዚህችው ቃል ነው ሹመት ያገኘው።

ቀኛዝማቹ አዲስ ቤት አሠራ፤ አዲስ በር አሠራ። ከበሩ ፊት ለፊት ግን ዝሆን የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። በሩን ለምን እዚያ አሠራው? እንጃ፤ ሹም አይጠየቅም። ከከተማ መዶሻ የያዙ ሰዎች አስመጣ። ድንጋዩን በአንደኛው መዶሻ መቱት፤ መዶሻው ተሰበረ። በሁለተኛው መቱት፤ እሱም ተሰበረ። በሦስተኛው ሲመቱት የመዶሻው ራስ ወልቆ የጫኔን እግር አገኘው።

“አመመህ?” አለ ቀኛዝማቹ።

“እ... እውነት ነው ጌታዬ!” አለ ጫኔ፣ ባንድ እግሩ እየዘለለ።

የአገሩን ሰው ግን ቀኛዝማቹ አልጠየቀም። ቡቱቶ የለበሰ ሰው ምን ያውቃል ብሎ ነው። የአገሩም ሰው አልነገረው። ያልጠየቀ ሹም መምከር፣ ያልተራበ በቅሎ ማብላት ነው ብለው ዝም አሉ።

ቀኛዝማቹ ድንጋዩ ቢያቅተው ንዴቱን የሚወጣበት ፈለገ። ዞር ሲል ከድንጋዩ አጠገብ የደብሪቱን ጎጆ አየ። የቅል ሐረጓ አጥሩን አልፎ ድንጋዩ ላይ ወጥቷል፤ ሆዳም ሆዳም ቅሎች ተንጠልጥለውበታል።

“ይህ ምን ጉድ ነው? ደጃፌ ላይ ቆሜ ይህን ነው የማየው? በሉ፣ ሐረጉ ይነቀል፣ ጎጆው ይፍረስ፤ ቦታው የበቅሎ ጋጣ ይሁን!” አለ።

“እውነት ነው ጌታዬ!”

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። አርባ ዓመት የኖረችበት፣ ሦስት ልጅ የወለደችበት፣ የባሏን ሬሳ ያወጣችበት ጎጆ ነው። ከዚያ ቢያስወጧት መሄጃ የላትም። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያም ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ቅሏን አንግታ፣ ወደ ቀኛዝማቹ በር ሄደች።

“ቅል አይገባም!” አለ ጫኔ። ለካ ሌላም ቃል ያውቅ ኖሯል።

“እሷ ካልገባች እኔም አልገባም። ከዚሁ ሆኜ እጮሃለሁ” አለችና ጮኸች። “አቤት! አቤት! አቤት!”

ደጅ ላይ ሦስት ጊዜ አቤት የተባለበት ሹም አለመውጣት ነውር ነው። ቀኛዝማቹ ወጣ። ወታደሩ ወጣ። የመንደሩ ጭቃ ሹም አባ ገላው ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ።

“ምን ሆነሻል፣ አንቺ ሴትዮ?” አለ ቀኛዝማቹ።

“ጌታዬ፣ ጎጆዬን አያፍርሱብኝ። ሐረጌን አይንቀሉብኝ።”

“ሐረግሽ ምን ይጠቅማል?”

“ቅል ያፈራል።”

“ቅልስ ምን ይጠቅማል?”

“ውሃ ይቀዳበታል፣ ወተት ይናጥበታል፣ ዘር ይቀመጥበታል። ቅል የማይሠራው ምን አለ፣ ጌታዬ?”

ቀኛዝማቹ ጎንበስ ብሎ ቅሏን አየ። ዘመም ያለ ወገቧን አየ፤ ጠማማ ስፌቷን አየ፤ ሦስቱን ወፎች አየ።

“ይህቺ ደግሞ ፍየል ናት?” አለ።

“ወፍ ናት ጌታዬ። ትንሹ ልጄ ነው።”

ቀኛዝማቹ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ መላጣው እስኪቀላ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ ምላሱን መያዝ አቃተው።

“የማይሠራው ከሌለ ይህን ድንጋይ ይስበርልኛ! ቅልሽ ድንጋዩን ከሰበረ መሬቱ ያንቺ ነው፤ እስከ ልጅ ልጅሽ ማንም አይነካሽ። ካልሰበረ ግን ከነሐረግሽ ትነቀያለሽ። ንጉሥ ይሙት!”

“እውነት ነው ጌታዬ!”

ልብ በሉ። “ንጉሥ ይሙት” የዋዛ ቃል አልነበረም። በሰው ፊት አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይዋጥም። ሹም ይሁን ጭሰኛ፣ የማለ ሰው ማለ ነው። ለሣቅ ማልሁ ቢል ማን ይሰማዋል? አባ ገላው ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው፣ “ሰምተናል” አሉ። ሽማግሌዎቹም፣ “ሰምተናል” አሉ።

ደብሪቱ አልሳቀችም። “ሦስት ቀን ይስጡኝ። ቅሌ የምትጠይቀውንም አይከልክሏት” አለች።

“ቅልሽ ትጠይቃለች?”

“አርጅታለች ጌታዬ፤ አመል አውጥታለች።”

“የጠየቀችው ሁሉ ይሰጣት!” አለ ቀኛዝማቹ፣ እንባውን እየጠረገ።

በመጀመሪያው ቀን ደብሪቱ ቅሏን ይዛ መጣች። “ጌታዬ፣ ቅሌ ከማታውቀው ጋር አትጣላም። መጀመሪያ ከድንጋዩ ጋር ትተዋወቅ” አለች።

“ይተዋወቁ!” አለ ቀኛዝማቹ።

የቅሏን አፍ ድንጋዩ ላይ ደፋች፤ ጆሮዋን ከቅሏ ቂጥ ለጠፈች፤ በጠጠር ድንጋዩን ቆርቆር አደረገች። ዞረችው። እዚህ ቆርቆር፣ እዚያ ቆርቆር። ወታደሮቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሷ ድምፁ የላላበትን ቦታ ስታገኝ በከሰል ጫር አድርጋ፣ ሌላውን ትቆረቁራለች። ሲመሽ ከድንጋዩ አናት እስከ ሥሩ አንድ የከሰል መስመር ወርዶበታል።

“እህሳ፣ ድንጋዩ ተሰበረ?” አለ ቀኛዝማቹ።

“አልተሰበረም ጌታዬ። ቅሌም አልተሰበረች” አለች።

በሁለተኛው ቀን መጣች። “ጌታዬ፣ ቅሌ እባብ ትፈራለች። ከድንጋዩ ሥር እባብ ይኖር ይሆናል። ዙሪያውን ያስቆፍሩልኝ” አለች።

“ይቆፈር!” አለ ቀኛዝማቹ። ወታደሮቹ ቆፈሩ። ድንጋዩ ሥሩ ባዶ እስኪሆን፣ ሰው ተኝቶ እስኪሾልክበት ድረስ ቆፈሩ። ላብ ሲያሰጥማቸው ሳቁ ቀነሰ።

“እህሳ፣ ድንጋዩ ተሰበረ?”

“አልተሰበረም ጌታዬ። ቅሌም አልተሰበረች።”

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ መጣች። “ጌታዬ፣ ቅሌ ብርድ አትችልም። ድንጋዩ ደግሞ ሌሊቱን ውርጭ ሲመታው አድሯል። እንጨት ያስለቅሙና ያስሙቁላት” አለች።

“ሐሐሐ! ድንጋይ ይሙቅላት! እንጨት አምጡ! ብርድ እንዳይመታት!” አለ ቀኛዝማቹ።

“እውነት ነው ጌታዬ!”

እንጨት መጣ። ከድንጋዩ ሥር ተማገደ፤ ከጎኑ ተማገደ፤ ከላዩ ተከመረ። እሳቱ ከጎህ እስከ ቀትር ነደደ። ይህን ጊዜ የወፍጮ አምባ ሰው ሁሉ በየጉብታው ቆሞ ያያል። አንድም ሰው ድምፁን አላሰማም። ማለቴ፣ ይስቃል፤ የሚስቀው ግን ነጠላውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ነው። ወፍጮ ጠራቢ አገር አይደለም? ከቀኛዝማቹና ከሰዎቹ በቀር ምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እናንተም አታውቁም፤ ግን ቆዩ።

ቀትር ላይ ደብሪቱ ቅሏን ይዛ ምንጭ ወረደች። የዚያ ምንጭ ውሃ ጥርስ ያረግፋል። የኔን ያረገፈው እሱ አይደለም፤ ቢሆንም ያረግፋል። ቅሏን ሞላች፤ አዘለች፤ ተመለሰች። ረመጡን በረጅም እንጨት ጠረገችና ከሰሉ ቢቃጠልም ያሰመረችበትን ቦታ አገኘች። ባሏ እንዲህ ሲያደርግ ሠላሳ ዓመት ውሃ ያቀበለችው በዚህችው ቅል ነው።

አንድ ጊዜ አፈሰሰች። ድንጋዩ፣ “ፍሽሽሽ” አለ።

“ተናደደ” አለ ቀኛዝማቹ፣ እየሳቀ።

ሁለተኛ አፈሰሰች። ድንጋዩ፣ “ቀጭ፣ ቀጭ” አለ። ቀኛዝማቹ ሳቁን ገታ አደረገ።

ሦስተኛ አፈሰሰች። ድንጋዩ፣ “ጧ!” አለ።

በቅሎዎቹ ገመዳቸውን በጥሰው ሸሹ። ጫኔ ከበሩ ኋላ ገባ። ቀኛዝማቹ በቂጡ ተቀመጠ። ጭሱ ገለል ሲል ያ ዝሆን የሚያህል ድንጋይ እንደ ዳቦ ለሁለት ተገምሷል፤ በመካከሉ የተጫነ በቅሎ ያሳልፋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ካፋቸው አውጥተው እልል አሉ።

ደብሪቱ ቅሏን አንግታ ቆመች። “ድንጋዩ ተሰበረ ጌታዬ። ቅሌ ግን አልተሰበረች” አለች።

ቀኛዝማቹ አቧራውን አራግፎ ተነሣ። “ይህ ማታለል ነው! የሰበረው እሳቱ ነው! የሰበረው ውሃው ነው!” አለ።

አባ ገላው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። “ጌታዬ፣ እሳቱን የሰጧት እርስዎ ነዎት። ውሃውም በራሱ እግር አልመጣም። መዶሻው ሲመጣ ድንጋዩ ነበረ፤ ቅሏ ስትመጣ ድንጋዩ ሄደ። እኛ ያየነው ይህን ነው። የሰማነው ደግሞ ‘ንጉሥ ይሙት’ የሚለውን ነው” አሉ።

“እንግዲያው በብርም ይሰበራል! የተረፈውን ግማሽ እኔ እሰብረዋለሁ! ማንቆርቆሪያዬን አምጡ!”

የብር ማንቆርቆሪያው ውሃ ተሞልቶ መጣ። ቀኛዝማቹ ራሱ ተሸክሞት ወደ ጋለው ድንጋይ ተጠጋ። ግን የት ያፍስ? ከዚህ በኩል ነው? ከዚያ በኩል? መስመሩን አያውቀውም። ሲያስብ፣ ማንቆርቆሪያው ሲከብደው፣ ረመጡ ላይ አሳረፈው። ብር እሳት ሲያገኝ ዘመድ እንዳገኘ ነው፤ ወዲያው ጋለ። ውሃው ፈላ። የማንቆርቆሪያው አፍንጫ ብየዳው ቀልጦ ዱብ አለ። ቀኛዝማቹ፣ “ዕቃዬን!” ብሎ መያዣውን ጨበጠ።

ከዚያ በኋላ የጨፈረውን ጭፈራ ወፍጮ አምባ በሠርግም አይታ አታውቅም።

“እጅዎን! እጅዎን ያምጡ!” ብላ ሮጠች ደብሪቱ። ከቅሏ የተረፈውን ውሃ መዳፉ ላይ አንጠፈጠፈችለት። እሳቱ አጠገብ ስትመላለስ ውላ እንኳ የቅሏ ውሃ እንደ ቀዘቀዘ ነው። “ይጠጡም” አለችው። ጠጣ። ወይራ ወይራ የሚል ውሃ ነው። ደገመ። ከንፈሩ አልተቃጠለም።

ከዚያ ያን የሚያበራ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቅሏን አገላበጣት።

“ይህን ማን ሰፋው?” አለ።

“ባሌ። ቅሏ የወደቀች ዕለት ተጣልተን ነበር፤ እሱ ‘አንቺ ጣልሻት’፣ እኔ ‘አንተ ጣልካት’ እየተባባልን። ሲሰፋት እኔ ያዝሁለት። ጅማቱ ሳያልቅ ታረቅን።”

ቀኛዝማቹ የቀለጠውን ማንቆርቆሪያ አየ። “ይህንስ ማን ሠራው?” አለ።

“እውነት ነው ጌታዬ!” አለ ጫኔ።

“ማን ሠራው ነው ያልሁህ!”

ማንም አላወቀም። እሱም አላወቀም። አርባ በቅሎ ሙሉ ዕቃ ሲኖረው የአንዱንም ሠሪ አያውቅም። ያን ጊዜ ቀኛዝማቹ አፈረ፤ እጁ ካመመው ይልቅ ይህ አመመው።

“እማማ ደብሪቱ፣ መሬቱ የእርስዎ ነው። ማንም አይነካዎትም” አለ። አንቺ ማለቱን ተወ፤ ልብ ብላችኋል? “ይህችን ቅል ግን ይስጡኝ። የአርባውን በቅሎ ጭነት ይውሰዱ።”

“ያን ሁሉ ማን ይወለውልልኛል? አልሰጥም። ዘር ግን እሰጥዎታለሁ” አለችና ከጎጆዋ አምስት ፍሬ አመጣች። “ይትከሉት፤ ውሃ ያጠጡት፤ ይጠብቁት።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ሲደርስ።”

“ወታደሮቼ ይትከሉት?”

“አይሆንም። በእጅዎ።”

ቀኛዝማቹ ተንበርክኮ ተከለ። በየጠዋቱ ውሃ ያጠጣል፤ በየማታው፣ “ደረስህ?” ይለዋል። ከአምስቱ ፍሬ ሁለቱን ዶሮ በላቸው፤ ሁለቱን ጫኔ ረገጣቸው፤ አንዱ በቀለ። አፈራ። ቀኛዝማቹ መጠበቅ ስላቃተው ሳይደርቅ ቆረጠው። ናጠው። አጠነው። በጋለ ወስፌም አንበሳ ሳለበት። አንበሳው ሽንኩርት ይመስላል።

ከዚያ ድግስ ደገሰ፤ አገሩን ሁሉ ጠራ። ሸክላም ገባ፣ ሣርም ገባ፣ ቅልም ገባ። ቀኛዝማቹ የራሱን ቅል ጠላ ሞልቶ ለእንግዳው ሁሉ በየተራ አቀበለ። አንዱ ጠጣ፤ ጠላው ከቅሉ ጎን ሾልኮ ደረቱን አራሰው። “ግሩም ነው ጌታዬ!” አለ። ሁለተኛው ጠጣ፤ እስከ ሆዱ ራሰ። “ድንቅ ነው ጌታዬ!” አለ። ጫኔ ጠጣ፤ እስከ ጉልበቱ ራሰ። “እውነት ነው ጌታዬ!” አለ።

ተራው ለእማማ ደብሪቱ ደረሰ። ተቀበለች። ሽንኩርቱን አየች፤ ፈገግ አለች። ጠጣች፤ ነጠላዋ ራሰ። ቅሉን መለሰችና፣

“ጌታዬ፣ ይህ ቅል ያፈሳል” አለች።



“እውነት ነው እማማ!” አለ ጫኔ። አምልጦት ነው። እስከ ዛሬ ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነች ይህች ብቻ ናት።

ቀኛዝማቹ ግን አልተቆጣም። ያን ሽንኩርታም ቅል ደረቱ ላይ አቅፎ፣ “አውቃለሁ እማማ። ማፍሰሱን አውቃለሁ። ግን እኮ የሠራሁት እኔ ነኝ!” አለ።

ደብሪቱ ብድግ አለች፤ ከጎኑ ሄዳ ተቀመጠች። “በሉ ጅማት ያስመጡ። እርስዎ ይያዙልኝ፤ አሰፋፉን ላሳይዎት” አለች።

ሹሙ ያዘ፤ ባልቴቲቱ ሰፋች። ድግሱ እስኪያልቅ ተጎንብሰው ዋሉ።

ይኸውላችሁ፣ ሰው ያገሩን ድሃ አይቶ ሲንቅ፣ ከደጁ ያለውን ዕቃ በእግሩ ገፋ አድርጎ ሲያልፍ፣ የወፍጮ አምባ ሽማግሌዎች ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው አንድ ነገር ይሉታል። ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል!

ተረቴን ሰጠሁ፣ ጉሮሮዬን አደረቅሁ፤ ውሃ ላቀበለኝ መረቅሁ።